የፋሲሎው ጡሩምባ ነፊ አቶ ዓምደ ሚካኤል ገድሉ እና የባቡሩ ኩባንያ

ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ዓምደ ሚካኤል ገድሉ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገድሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገርነሽ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት ተወለዱ። ቀኑን ደሴቱ በሙሉ ያስታውሰው ነበር፤ ሕፃኑ እንደ ተወለዱ ያሰሙት ልቅሶ ውኃውን ተሻግሮ ደልጊ ደረሰ ይባላልና። የደልጊ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሰጠመ መስሏቸው ታንኳቸውን እየቀዘፉ መጡ፤ የሰጠመ ሲያጡ አራስ ቤት ገብተው ገንፎ በልተው ተመለሱ። ይህን የማያምን ሰው ደልጊ ሄዶ ይጠይቅ፤ ገንፎው ቅቤ አንሶት እንደ ነበር እስከ ዛሬ የሚያማርሩ አሉ።

በልጅነታቸው ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ጀመሩ። ዜማው ግን አልገፋም። ትንፋሻቸው ረጅም ስለ ነበር ሌላው ተማሪ ጨርሶ ሲቀመጥ እሳቸው ገና መጀመሪያው ላይ ነበሩ። መሪጌታ ታግሠው ታግሠው አንድ ቀን፣ "ልጄ፣ ዜማ ማረፊያ አለው እኮ" አሏቸው።

"ማረፊያውን እዚያ ላይ ያደረገው ማን ነው አባባ?"

መሪጌታ መልሱን ያውቁት ነበር። ነገር ግን አንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ እየወለደ እስከ ማኅሌት እንደሚያደርሳቸው ስለ ገባቸው፣ ልጁን ከዜማ አውጥተው ለዘመናዊ ትምህርት ወደ ባሕር ዳር ላኩት። አቶ ዓምደ ሚካኤል በሞተር ጀልባ ሲሄዱም ሞተረኛውን ስለ ሞተሩ ሲጠይቁት፣ እሱም ዞሮ ሲመልስላቸው፣ ባሕር ዳር መውረድ የነበረባቸው መንገደኞች ዘጌ ወረዱ። ከመንገደኞቹ አንዱ እዚያው ሚስት አግብቶ ቀርቷል።

አቶ ዓምደ ሚካኤል በባሕር ዳር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1968 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈትል ክፍል ተቀጠሩ፤ በ2009 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱም እዚያው አገለገሉ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ምሥጋና ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን ሀዲስንና ሴት ልጃቸውን ሚስጥርን ወልደዋል። ወይዘሮ ምሥጋና እንደሚሉት፣ ሽማግሌ ሆነው የመጡት ሰዎች ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት ሙሽራው ራሳቸው ተከትለው ገብተው የቤቱን ጣሪያ ማን እንደ ሠራው ጠይቀዋል። የልጅቱ አባትም፣ "ይኼስ ጣሪያ እያየ ቤት የሚጠብቅ ነው" ብለው እሺ አሉ።

የባሕር ዳሩ የፋሲሎ ሠፈር ሰው ግን አቶ ዓምደ ሚካኤልን የሚያውቃቸው በጡሩምባቸው ነው። የቀድሞው ነፊ ሲያረጁ ዕድሩ አዲስ ነፊ ፈለገ፤ እሳቸው ለሙከራ አንድ ጊዜ ቢነፉ የሌላ ሠፈር ዕድርተኞች ሳይቀሩ ድንኳን ተሸክመው መጡ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው የእሳቸው ሆነ። በፋሲሎ ዕድር ደንብ ጡሩምባው ስም አይጠራም። ጎህ ሲቀድ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ዕድሩ ሜዳ ይወጣል፤ ማን እንዳረፈም የሚሰማው እዚያው ነው። አቶ ዓምደ ሚካኤል በዚህ ሥራ ክፍያ ተቀብለው አያውቁም። "ሰው ሲሞት ሰው ይውጣለት" ይሉ ነበር፤ ይህን ሲሉ ብቻ ነው ጥያቄ የማይጨምሩት።

በ2013 ዓ.ም. ሰርክ የሚባል የግል ኩባንያ ከዘጌ ተነሥቶ፣ በፋሲሎ ጀርባ በሐይቁ ዳር አልፎ፣ ጢስ ዓባይ የሚደርሰውን የከተማ ዙሪያ ባቡር ማስኬድ ጀመረ። የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን ይዞ በማለዳ ገበያ ደረሰ፤ የጢስ ዓባይ ተማሪ ኮሌጁ ደጅ ወረደ። ሰማያዊ ፉርጎ መጣ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ ትኬት ቆራጮች መጡ፣ ያለማቋረጥ የሚናገር ድምፅ ማጉያ መጣ። ኩባንያ የሚሉትን ራሱን ግን ያየው ሰው አልነበረም።

ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ማለዳ ሰማዩ ገና ሳይገልጥ ከፋሲሎ ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ። ወፍራም፣ እየተጎተተ የሚሄድ፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል ነበር፤ ቁርጥ የዕድሩን ጡሩምባ። ሠፈሩ ብድግ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ድንኳኑን ከዕቃ ቤት አውጥተው ተከሉ፣ ሁሉም አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ "ማን ነው የሞተው?" ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ማንም አልጠየቀም። እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱ ያውቃል ብሎ አለቀሰ። አልቃሿም ለማን እንደሆነ ሳታውቅ "አንተ ደጉ፣ አንተ እንግዳ ተቀባዩ" እያለች ሙሾዋን ጀመረች፤ ይህ ለፋሲሎ ባል ሁሉ ስለሚስማማ ያላለቀሰች ሚስት አልነበረችም።

በዚህ መካከል አቶ ዓምደ ሚካኤል ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው እየሮጡ ደረሱ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ሕይወት ወደ ጥግ ሳብ አደረጓቸው።

"ዓምዴ፣ ማንን ነው የነፋኸው?"

"እኔ አልነፋሁም።"

"አልነፋሁም ማለት ምን ማለት ነው? ሰዉ ሲያለቅስ አታይም?"

"አያለሁ። እኔም ድምፁን ሰምቸ ነው ከአልጋየ የወረድሁት። ጡሩምባየን የሰረቁኝ መስሎኝ ብፈልግ ከራስጌየ አለች።"

ዳኛው የተቀመጠውን ሰው በዓይናቸው ሲቃኙ ጎረቤታቸው አቶ አዘዘ ጎደሉባቸው። አንዱ ቀስ ብሎ "አዘዘ ነው" አለ። ወሬው ድንኳኑን ዞሮ ሳይጨርስ አቶ አዘዘ ከነቡሉኮአቸው ከች አሉ። ዘገየህ ተብየ ልቀጣ ነው ብለው ሲፈሩ ሰው ሁሉ እየተሻማ ሳማቸው። ሚስታቸው ብቻ፣ "ከአጠገቤ ተኝቶ ትቸው መጥቸ እኔም አለቀስሁለት እኮ" ብለው በራሳቸው ተገረሙ። ወዲያው ባቡሩ ከጢስ ዓባይ ሲመለስ ያንኑ ድምፅ ደገመው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ለሁሉም ገባው።

እንዲህ ያለው ማለዳ ጥቂት ጊዜ ተደጋገመ። ከዚያ ሰው ለመደው። ድምፁ ሲመጣ "ባቡሩ ነው" ብሎ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። ሳቁም ያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ወይዘሮ ወለላ በፋሲሎ ገበያ አፍ ቆሎ የሚሸጡ፣ ዘመድ የሌላቸው እናት ነበሩ። እሳቸው ባረፉበት ማለዳ አቶ ዓምደ ሚካኤል እንደ ልማዳቸው ወጥተው ነፉ። የመጣ የለም። ደግመው ነፉ። ከአንድ መስኮት፣ "ዛሬስ ይኼ ባቡር አበዛው" የሚል የእንቅልፍ ድምፅ ሰሙ። ወይዘሮ ወለላን የሸኟቸው ካህኑ፣ ዳኛው፣ አቶ ዓምደ ሚካኤልና ወይዘሮ ምሥጋና ብቻ ነበሩ፤ ቃሬዛው ሲከብዳቸው የባጃጅ ሹፌሮች ወርደው አገዟቸው። ሠፈሩ ወሬውን የሰማው ቆሎ ሊገዛ ሲሄድ ነው። ያን ቀን በፋሲሎ ሰው ፊት ለፊት መተያየት ከብዶት ዋለ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከቀብር ተመልሰው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

"ምሥጋና፣ ከእንግዲህ የኔ ጡሩምባ ሰው አያወጣም። ሌላውም እንደ ወለላ ሊቀበር ነው።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ?"

"ይኼ ኩባንያ የሚሉት ማን እንደሆነ አይቸው እመጣለሁ።"

በማግሥቱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ትኬት ገዝተው ባቡሩ ላይ ወጡ። ከዘጌ ጢስ ዓባይ፣ ከጢስ ዓባይ ዘጌ ተመላለሱ። በየጣቢያው አንገታቸውን በመስኮት እያወጡ አዩ። ትኬት ቆራጩ ተጠራጥሮ፣ "ጋሼ፣ የት ነው የሚወርዱት?" አላቸው።

"ኩባንያው የሚወርድበት።"

"ኩባንያው አይወርድም ጋሼ።"

"ቀኑን ሙሉ? አይደክመውም?"

ትኬት ቆራጩም አዝኖላቸው፣ ፋሲሎ ጣቢያ ፎቁ ላይ ቢሮ መኖሩን ነገራቸው። ቢሮው ግን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው እያለ ደጅ አስጠናቸው። እሳቸው ደጅ መጥናት አልከበዳቸውም። ወንበሩ ለምን እንደሚሽከረከር፣ ውኃ የሚያወጣው ዕቃ ሙቁንና ቀዝቃዛውን በምን እንደሚለይ፣ ጽዳት የምትሠራው ልጅ አገሯ የት እንደሆነ ጠይቀው ጨረሱ። ከሁሉ ይበልጥ ከጥበቃው ከቢያዝን ጋር ተላመዱ። ቢያዝን ከበለሳ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አገሩን የጠየቀው ሰው እሳቸው የመጀመሪያው እንደሆኑ ነገራቸው።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ቴዎ አስገባቸው። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። ነገራቸውን ሰምቶም ራሱን ያዘ።

"ጋሼ፣ ሐዲዱ እኮ የከተማው ነው። ፉርጎዎቹ የኪራይ ናቸው። ጣቢያውም የከተማው ነው። እኛ የምናስኬደው ብቻ ነን።"

"ክላክሱስ የማን ነው?"

"የፉርጎው አከራይ።"

"የሚነፋው ሰውስ?"

"እሷ የእኛ ናት።"

"እሽ። ሐዲዱ የከተማው፣ ባቡሩ የአከራይ፣ ልጅቱ የእናንተ። ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ የማን ነው?"

ቴዎ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። "እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? አላውቅም። ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ መንገድ አያቋርጥም፤ ጭራሽ መነፋት አልነበረበትም። እኔም ለምን እንደሚነፋ አሁን ገና ነው የጠየቅኩት።"

"እንግዲያውስ አብረን እንወቀው" አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል፤ ፊታቸውም እንደ ልጅ በራ።

በማግሥቱ ማለዳ ሁለቱ ከሹፌሯ ከሊድያ ጋር ፊት ክፍል ውስጥ ቆሙ። ሊድያ ከአዳማ የመጣች፣ ቀልጠፍ ያለች ልጅ ናት። ባቡሩ ፋሲሎ ጀርባ ሲደርስ ፍጥነት ቀነሰች።

"ያችውላችሁ" አለች።

ሐዲዱ መካከል አንዲት ጉማሬ ከነልጇ ቆማ ጤዛ ያረፈበትን ሣር ትግጣለች። ቁመናዋ የዕድር ድንኳን ያህል ነበር ይላሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል፤ ጆሮዋ ላይ ወፍ ቤት ሠርቶ ነበር ማለታቸውን ግን ቴዎ እስከ ዛሬ አላመነም። ሊድያ ክላክሱን ነፋች። ጉማሬዋ ቀና ብላ ባቡሩን አይታ፣ ነገሩን አስባበት፣ ልጇን አስቀድማ ቀስ እያለች ወደ ሐይቁ ወረደች።

"ሌሊቱን ሣር ስትበላ ታድራለች፤ ሲነጋ ወደ ውኃ የምትመለሰው በዚህ ነው፤ አንዳንዴም ስመለስ ገና እዚሁ ናት" አለች ሊድያ። "ካልነፋሁ እገጫታለሁ። ከገጨኋትም ባቡሩ ይወድቃል።"

"ለምን አልነገርሽንም?" አላት ቴዎ።

"ማን ጠየቀኝ?"

አቶ ዓምደ ሚካኤል መሳቅ ጀመሩ። "ፋሲሎ ነጠላውን ያዘቀዘቀው ለዚች እመይቴ ነው?" እያሉ እስከ ጢስ ዓባይ ሳቁ፤ ከዚያ ስቅታ ያዛቸው።

"ሰዉ ለምን እንደሚወጣ ግን አይገባኝም ነበር ጋሼ" አለች ሊድያ። "አዲስ ባቡር ሊያዩ መስሎኝ በየማለዳው እጄን አውለበልብላቸው ነበር። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ደግሞ፣ ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ልቤ ተነካ።"

አቶ ዓምደ ሚካኤል ስቅታቸው ቆመ። ስለ ዕድሩ ጡሩምባ ነገሯት፤ ከዚያም ስለ ወይዘሮ ወለላ ነገሯት።

"አላወቅኩም ጋሼ።"

"ብታውቂስ ምን ልታደርጊ? እናትና ልጅ ጨፍልቀሽ እንድታልፊ እኔም አልልሽም።"

ምክንያቱ ታወቀ፤ መላው ግን ጠፋ። ቴዎ ድምፁ እንዲለወጥ አከራዩን ጠየቀ። አከራዩም፣ ክላክሱ በውሉ ውስጥ ስላልተጠቀሰ ሊለወጥ አይችልም፣ ስላልተጠቀሰም ሊነቀል አይችልም ብሎ መለሰ። ይህን መልስ አቶ ዓምደ ሚካኤል በጣም ወደዱት፤ ለሰው ሁሉ ደጋግመው ያወሩት ነበር።

ቀጥለው የደቅን ዘዴ ሞከሩ። ደሴቱ ላይ ጉማሬን በመቅዘፊያ ውኃውን እየመቱ ከታንኳ ያርቃሉ። አቶ ዓምደ ሚካኤልም ባቡሩ ከመድረሱ በፊት እመይቴን ከሐዲዱ ሊያርቁ መቅዘፊያ ይዘው ወረዱ። ባሕር ዳር ያደገች ጉማሬ ግን የደቅን ደንብ አታውቅም። አባረረቻቸው። በባቡሩ ምልክት ምሰሶ ላይ ሲወጡ ከፍጥነታቸው የተነሣ ባርኔጣቸው ሰውየው መሄዳቸውን ሳታውቅ ባዶ አየር ላይ ጥቂት ቆይታለች ይባላል። ሊድያ ደርሳ እስክትነፋ እዚያው ተሰቅለው ቆዩ።

"ዛሬ ለሁለታችሁ ነው የነፋሁት ጋሼ" አለቻቸው ሊድያ፣ በመስኮት።

ዕድሩ ስብሰባ ተቀመጠ። አንዱ ደወል እንስቀል አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር ይምታታል ተባለ። አንዱ በስልክ መልእክት እንላክ አለ፤ አቶ ገብረ ሕይወት የራሳቸውን ስልክ አውጥተው፣ "ይኼ እንኳን መልእክት ሊቀበል ሲደወልለትም በግድ ነው" አሉ። ክርክሩ ሲረዝም አቶ ዓምደ ሚካኤል ተነሡና ጡሩምባቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"እኔ እሄዳለሁ።"

"ወዴት?" አሉ ዳኛው።

"ወደየቤታችሁ። ሰው ሲሞት ደጅ ለደጅ እየሄድሁ እጠራችኋለሁ። ይኼን ደግሞ ባቡሩ ሊኮርጀው አይችልም።"

ወይዘሮ ምሥጋና ማታ፣ "አንተ ሰውየ፣ በዚህ ጉልበትህ ፋሲሎን ልታዳርስ ነው?" ቢሏቸው፣ "ቀስ እላለሁ። የምጠራለት ሰው እንደሆነ አይቸኩልም" አሏቸው።

እንዳሉትም አደረጉ። ሰው ባረፈ ማለዳ ከዘራቸውን ይዘው ይወጡና በር ያንኳኳሉ። ያረፈውን ሰው በስሙ ይጠራሉ፤ የት ይኖር እንደ ነበር፣ ምን ይወድ እንደ ነበር ይናገራሉ። እሳቸው ሆነው ደግሞ ነገሩን ትንሽ ያሳምሩታል። አንድ ልብስ ሰፊ ሲያርፉ በመርፌያቸው የዓባይን ፏፏቴ ሊሰፉት ጥቂት ቀርቷቸው እንደ ነበር ስለ ተናገሩ፣ ሰውየውን የማያውቀው ሁሉ ቀብር ወጣ።

በሩን ሲያንኳኩ ያገኙት ነገር ግን እሳቸውንም ገረማቸው። በፋሲሎ ለብዙ ዘመን ኖረው አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ከየግቢው ጓሮ ወጡ። ከወሎ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ፣ ከሐዋሳ የመጡ የኮሌጅ መምህርና ባለቤታቸው፣ በአንድ ክፍል ተከራይተው በፈረቃ የሚተኙ የባቡሩ ሠራተኞች። ጡሩምባው ለእነዚህ ሰዎች ምንም ብሎ አያውቅም ነበር። መምህሩ፣ "ጠዋት ጠዋት የሚነፋው የፋብሪካ መግቢያ መስሎን ነበር ጋሼ" አሏቸው። አቶ ዓምደ ሚካኤል በማግሥቱ ዳኛውን ይዘው ተመለሱ፤ የፈለገ ሁሉ ዕድርተኛ ሆነ። ሊድያም ገባች፤ ፈረቃዋ ባልሆነ ጊዜ ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ትደርሳለች።

በ2015 ዓ.ም. የጣቢያው ጥበቃ ቢያዝን በድንገት አረፈ። ዘመዶቹ በለሳ ናቸው፤ ቶሎ መድረስ አይችሉም። ቴዎ ለቀብሩ ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቶት በጣቢያው በር ሲቆም፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ከዘራቸውን አንሥተው ሄደው ነበር። "ዝም ብሎ በራችንን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ አገሩ በለሳ ነው፤ እኛ ካልወጣን የሚወጣለት የለም" እያሉ ከበር በር አዳረሱ። ፋሲሎ ወጣ። ሐዲድ ጠጋኞቹ፣ ትኬት ቆራጮቹ፣ ጽዳት ሠራተኞቹ በሰማያዊ ሸሚዛቸው ድንኳኑ ውስጥ ከሠፈሩ ሰው ጋር ተቀመጡ። ቴዎ ቃሬዛውን በትከሻው ያዘ። በዕድሩ ደንብ የቀብሩን ሰልፍ የሚመሩት የሟች ልጆች ናቸው፤ ቢያዝን ልጆች ስላልነበሩት ሰልፉን የመሩት የሥራ ጓደኞቹ ነበሩ። ከበለሳ ወንድሙ በሣልስቱ ደርሶ የለቀስተኛውን ብዛት ሲያይ፣ ቢያዝን የከተማ ሹም የሆነ መስሎት ነበር።

ያን ማታ አቶ ዓምደ ሚካኤል እግራቸውን እየታጠቡ፣ "ምሥጋና፣ ኩባንያውን ዛሬ አየሁት" አሉ።

"ማን ሆኖ ተገኘ?"

"ብዙ ነው። አብዛኛው ተከራይ ነው።"

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ልባቸው ይደክም ጀመር። ሐኪሙ ደረታቸውን በመሣሪያ ሲያዳምጥ፣ ተራቸውን ለምነው መሣሪያውን ራሳቸው ጆሮ ላይ አደረጉት። ጥቂት ካዳመጡ በኋላም፣ "ለመሆኑ ይኼን ማን ነው የሚያስኬደው?" ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ስለ ልብ ኤሌክትሪክ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምተው፣ "እሱ እንዴት እንደሚሄድ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ማን እንደሚያስኬደው ነው" አሉት። መሪጌታ ገድሉ ቢኖሩ ልጁን ወደ ዜማ ይመልሱት ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ንስሓቸውን ፈጽመው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

በዚያ ማለዳ ቤተሰቡ አንድ ስጋት ነበረበት፤ ደጅ ለደጅ የሚሄደው ሰው እሳቸው ራሳቸው ነበሩና ማን ይጠራላቸዋል? አቶ ገብረ ሕይወት ጫማቸውን አጥልቀው መጀመሪያ ያንኳኩት የአቶ አዘዘን በር ነበር። አቶ አዘዘ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊወጡ ነው። "ሰምቻለሁ፤ መምህሩ ነገሩኝ" አሏቸው። መምህሩን ሲጠይቋቸው የሰሙት ከመካኒኩ ነው። መካኒኩ የሰማው ከሊድያ፣ ሊድያ የሰማችው ከሚስጥር ነው። ሚስጥር የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ወጥቶ የሚቀጥለውን በር አንኳኩቷል፤ ስማቸውን ጠርቷል፤ ማን እንደ ነበሩ ተናግሯል። ዳኛው ያንኳኩት በር ሁሉ ቀድሞ የተከፈተ ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው ዛሬ ሁላችሁም እዚህ የቆማችሁት። ስለ እሳቸው በየበሩ የተባለው ሁሉ እውነት ነው ለማለት ቤተሰቡ አይደፍርም፤ ጉማሬዋ በአንዳንድ ቤት ዝሆን ሆናለች።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ምሥጋናን፣ ልጆቻቸውን ሀዲስንና ሚስጥርን፣ የልጅ ልጃቸውን መሲን፣ በደቅና በባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ ለካህናቱ፣ ለፋሲሎ ዕድርተኞች፣ ለባቡሩ ሠራተኞችና በዚህ ለተገኛችሁ ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ያስገባልን፤ እዚያም የሚጠይቁትን ሁሉ ታግሦ የሚመልስ ደግ መልአክ ያቁምላቸው።

ከቀብር ስትመለሱ ከአጠገባችሁ የቆመውን የማታውቁትን ሰው ስሙንና ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁት። ነገ የሚያንኳኳ ያስፈልጋል።